ስለ መማፀኛ ታሪክ፤ ለተገፋ ሰው በር ስለ መክፈት

በኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ ስለ ደብር አመሠራረት፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ አለቆቹና ስለ አገልጋዮቹ ተርታ መጻፍ የተለመደ ነው፤ የተገባም ነው። እኔ ግን ስለ ግንቡ ሳይሆን ግንቡን ተጠግቶ ስለ ቆመው ሰው ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። ይኸውም በሌላ ሰው እጅ ተመትቶ፣ ከቤቱ ተባርሮ፣ ክብሩ ተዋርዶ መጠጊያ ለፈለገ ሰው አባቶቻችን ምን እንዳደረጉለት፣ ምንስ እንዳጎደሉበት የሚናገር ታሪክ ነው። ያለፈውን መናገር ለውዳሴ ብቻ ከሆነ ተረት ይሆናልና፣ የሚመሰገነውን አመስግነን የጎደለውንም ሳንሸሽግ እንመልከተው።

አስቀድመን ቃሉን እንይ። መማፀን የሚለው ያማርኛ ቃል ተማሕፀነ ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው። ዘሩም ሐፀነ፣ አሳደገ፣ ሞግዚት ሆነ፤ ሕፅን፣ እቅፍ፤ ማሕፀን፣ ልጅ የሚያድርበት የእናት ሆድ ከሚሉት ጋራ አንድ ነው። እንግዲህ መማፀኛ ማለት ሰሙ ተሸሽቶ የሚገባበት ስፍራ ነው፤ ወርቁ ግን እንደ እናት ማሕፀን ሰውን አሙቆ፣ መግቦ፣ እስኪጠና ድረስ ጠብቆ በጊዜው የሚያወጣ ነው። በር ከፍቶ አስገብቶ ከዚያ በኋላ የማይጠይቅ መማፀኛ ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነው።

በኦሪት ዘመን ለእስራኤል 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር፤ ከዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፤ ከዮርዳኖስ ማዶም ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን ናቸው። እነዚህ የተሠሩት ሳያስበው ነፍስ ላጠፋ ሰው ነው፤ ደም መላሹ ደርሶ እንዳይገድለው ወደዚያ ሸሽቶ ፍርድ እስኪቆምለት ይጠበቃል። አስቦና ሸምቆ የገደለ ግን መሠዊያውን ቢይዝ እንኳ ከዚያ ተወስዶ ይቀጣል እንጂ አይድንም። አንባቢ ይህን ያስተውል። ሕጉ ሸሽቶ የመጣውን ሁሉ አንድ አላደረገውም፤ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመማፀን ሥርዐት ጥንታዊ መሆኑን እናገኛለን። አክሱም ጽዮን፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ሌሎችም ታላላቅ ገዳማትና አድባራት የተጠጋባቸውን ሰው አሳልፈው የማይሰጡ ነበሩ። በጎንደር ዘመንም የእጨጌው ሰፈር፣ እጨጌ ቤት የተባለው፣ መማፀኛ ስለ ነበረ ንጉሥ የተቆጣው መኰንን፣ ባለዕዳው፣ ደመኛ የሚያሳድደው፣ በጦርነት ጊዜም ንብረቱን ሊያድን የፈለገ ሁሉ ወደዚያ ይገባ ነበር። መሳፍንቱ በተዋጉባቸው ዓመታት ሠራዊት ከተማውን ሲዘርፍ ያን ሰፈር ያከብር እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ተጓዦችም ጽፈዋል።

ይህ ሁሉ በግንብ ጥንካሬ የሚጠበቅ አልነበረም፤ የሚጠበቅ በመፈራትና በመከበር ብቻ ነበር። ስለዚህ መከበሩ በቀረ ቀን መማፀኛነቱም ይቀራል። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት እንኳ ሳይተርፉ መቅረታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወደ እነዚህ ስፍራዎች ሸሽቶ የገባው ማን ነበር ቢሉ፣ ታሪክ ስማቸውን የጻፈላቸው አብዛኞቹ ወንዶች፣ ይልቁንም ባለሥልጣኖችና ባለደሞች ናቸው። ደም ያፈሰሰው ሰው መግቢያ ነበረው፤ ደሟ የፈሰሰባት ግን ወዴት ትገባ ነበር? በገዛ ቤቷ ጣራ ሥር የምትመታ ሴት፣ ከመንገድ ተጠልፋ የተወሰደች ልጅ፣ ከጌታው እጅ ያመለጠ ሎሌ፣ እነዚህ ደወል መትተው የሚማፀኑበት ስፍራ ከየት ነበር? መልሱን ለማግኘት ከጎንደር ወደ ጣና ዳር እንውረድ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ወገን ተወለደች። የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያም በኋላ ዓለምን ንቃ ለመመንኰስ ቈርጣ ከባሏ ቤት ተሰውራ ወጣች። የሆነውንም ገድሏ ሳያለዝብ ይነግረናል። ባሏ በሠራዊት ተከተላት፤ እርሷን ሲፈልግም አገር አጠፋ። እርሷም በእኔ ምክንያት ድኻ አይለቅ ብላ ወደ ባሏ ተመለሰች።

ይህን ክፍል ስንሰማ ስለ ትዕግሥቷ ብቻ አድንቀን እናልፋለን። ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለበት። ወደ ባሏ የተመለሰችው ታርቃ አይደለም፤ በደሉም ቀርቶላት አይደለም፤ ያስጠጋት ሕዝብ ሲቀጣ አይታ ነው። ይህ ዛሬም የሚሆን ነገር ነው። ያስጠጋት ሰው ሲዛትበት አይታ ስንት ሴት ወደምትፈራው ቤት በገዛ እግሯ ተመልሳለች! ተመለሰች ሲባልም መንደሩ፣ እንግዲያውስ ተስማሙ፣ ብሎ ይደሰታል። መመለስ ሁሉ ዕርቅ አይደለም።

ኋላም በ1609 ዓ.ም. ዮልዮስ በንጉሡ ላይ ተነሥቶ በተደረገው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስም በዚህ ነገር እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ፈጽማ ተለየችው፤ መነኰሰችም። እንደ እርሷ ባሏንና ቤቷን ትታ የመጣች እኅተ ክርስቶስ ጓደኛ ሆነቻት፤ እስከ ዕረፍቷም አልተለየቻትም። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ባወጀ ጊዜ ተቃወመች፤ በሸንጎ ቀረበች፤ ወደ ዠበይም ተግዛ 3 ዓመት ተቀመጠች። በስደቷ ሰዎች እየተከተሏት በየስፍራው 7 ማኅበራት ተመሠረቱ፤ በእነዚህም ማኅበራት ሴቶችና ወንዶች፣ የታመሙና የተሰደዱ በአንድነት ኖሩ። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ገድሏንም አባ ገላውዴዎስ የተባሉ መነኵሴ ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ ጻፉት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለነገራችን ዋና ነው። በ1642 ዓ.ም. ገደማ አፄ ፋሲለደስ በጣና ዳር በቁራጣ ለስሟ መታሰቢያ ገዳም እንዲሆን መሬት ሰጡ፤ ያም ስፍራ ንጉሥ የሚያሳድደው ሰው የሚጠጋበት መማፀኛ ሆኖ ኖረ። እንግዲህ አስተውሉ። ባሏ አገር እያጠፋ ያሳደዳት፣ የተጠጋችበት ስፍራ ያልጸናላት ሴት በስሟ ሌላው የሚድንበት ስፍራ ተሠራላት። እርሷ ያጣችውን ለሌላ አተረፈች። የተገፋ ሰው ቢደገፍ ለራሱ ከመዳን አልፎ ለብዙዎች ጥላ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ነገር ግን ሁሉ መነኵሲት ሊሆን አይችልም፤ ገዳምም ለሁሉ ቅርብ አይደለም። ልጆቿን ይዛ በባላገር የምትኖር ሴት መጠጊያዋ አራት ነበር፤ አባትና እናት፣ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ ጎረቤት።

አባትና እናት ስል ርስቱን ማለቴ ነው። በጎጃም፣ በቤጌምድርና በሸዋ ሴት ልጅ ከአባትም ከእናትም ርስት ትካፈል ስለ ነበረ መሄጃ ነበራት። በሰማንያ የተጋባች እንደ ሆነ ከሁለቱም ወገን ዋስ ስለሚጠራ ባል ቢበድላት ዋሱ ይያዛል፤ ጋብቻው ቢፈርስም የድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ይህ ሥርዐት ለብዙ ሴቶች ጋሻ ሆኗል። ርስት የሌላት፣ ወገኖቿ የራቁባት፣ ወይም በልጅነቷ የተዳረች ግን ይህ ጋሻ አልነበራትም። በቁርባን የጸናውም ጋብቻ አይፈታምና ብዙ ሴቶች ስለ ሃይማኖታቸው ብለው ዱላውን ታግሠው ኖረዋል። ሆኖም ፍትሐ ነገሥታችን፣ በ22 መንፈሳዊና በ29 ሥጋዊ በድምሩ በ51 አንቀጽ የተከፈለው፣ ከባልና ከሚስት አንዱ በሌላው ነፍስ ላይ ክፉ ቢመክር መለያየትን ይፈቅዳል። ሕጉ የሰውን ነፍስ ከጋብቻ ማሰሪያ በላይ እንደሚያያት ከዚህ ይታወቃል። ይህን አንቀጽ ለምእመናን ያስተማረ ግን ጥቂት ነው።

ሽምግልና ሁለተኛው ነው። ዕርቅ ደም ያደርቅ የተባለው በከንቱ አይደለም። በደመኞች መካከል ሽማግሌ ባይገባ ኖሮ ስንት ትውልድ በቂም ባለቀ ነበር! በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ካሳ ይከፍላል፤ ዋስ ይጠራል፤ ካህኑ በግዝት ያስረዋል። እነዚህ አራቱ በተሟሉበት ዕርቅ ላይ ነቀፋ የለኝም። ዳሩ ግን ነገሩ በባልና በሚስት መካከል ሲሆን ሽማግሌው አራቱንም ይረሳል። ድንጋይ የሚሸከም የለም፤ ካሳም የለም፤ ዋስም አይጠራም፤ ግዝቱም ይቀራል። ባል ወደ አማቶቹ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ብለው ተርተው፣ ጠላ ጠጥተው፣ መርቀው ሴቲቱን ወደ ባሏ ቤት ይመልሷታል። ለሁለት ደመኛ ወንዶች የሚጠየቀው ዋስ ለአንዲት ሴት ነፍስ ስለ ምን አይጠየቅም? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውስ ተረት ለሴት አይሠራምን?

የነፍስ አባት ሦስተኛው ነው፤ ቤት ከፍቶ የሚገባ፣ ምስጢር የሚሰማ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ኀይሉ ታላቅ ነው። እኔ በጎጃም የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ቁራሽ ስንለምን የባላገሩን ቤት ሁሉ እናውቅ ነበርና በየትኛው ቤት ልቅሶ እንዳለ ሳይነገረን እንረዳ ነበር። በዚያ አገር አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ነበሩ። ክንዷ የተሰበረ ሴት ሌሊት መጥታ ብትጠጋቸው ለባለቤታቸው አስረክበው ክንዷን በወጌሻ አሳሰሩላት። በማግስቱ ባሏ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ፣ ክንዱ ሳይጠገን ዕርቅ አይጠገንም ብለው መለሱት። ሁለት የታወቁ ሰዎች ዋስ ጠርቶ፣ በግዝት ታስሮ፣ እርሷም በገዛ አፏ እሺ እስክትል ድረስ ሦስት ወር ያህል በቤታቸው አስቀመጧት። ቅኔ የተማርሁት ከመምህሬ ነው፤ ሽምግልና ምን እንደ ሆነ ያየሁት ግን ከእኒህ ቄስ ነው።

ጎረቤት አራተኛው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ጩኸቱን አስቀድሞ የሚሰማ እርሱ ነውና። ነገር ግን በባልና በሚስት ነገር አይገባም የሚለው ልማድ የጎረቤትን እግር አሰረ። ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል የሚለው ክፉ ተረትም አፉን ዘጋ። ተረት ሁሉ ጥበብ አይደለም፤ የበዳይ ጠበቃ የሆነም ተረት አለ።

መንግሥትም በበኩሉ ሕግ አወጣ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፤ በ1949 ዓ.ም. ሌላ የሰፋ ሕግ ተተካ። ይህ የ1949ኙ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢለውም፣ የተጠለፈችው ልጅ ኋላ ጠላፊዋን በሕግ ያገባች እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በዚህም ምክንያት ሽምግልናው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጠ። ጠላፊው ከእስራት እንዲድን ልጅቱን እሺ ማሰኘት የዘመድ ሥራ ሆነ፤ ለልጅቱ የተሠራው ሕግ ለጠላፊው መማፀኛ ሆነለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ፍችን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ስለ ሰጠ የሚመቱትን ሴቶች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩ የባልና የሚስት ወገኖች ነበሩ።

በ1989 ዓ.ም. በአርሲ የተጠለፈች አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ራሷን ለማዳን ያደረገችው ነው ተብሎም በነፃ ተለቀቀች። ነገሩም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሆነ፤ ፍችንም የሚወስነው ፍርድ ቤት እንዲሆን፣ ሽማግሌ ግን ለማስታረቅ ብቻ እንዲሞክር ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደረግ ዱላ በስሙ ተጠርቶ ወንጀል ተባለ፤ በ587ኛው አንቀጽ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት እንዲቀጣና ኋላ ቢያገባትም ከቅጣት እንዳይድን ተደነገገ። በእነዚሁ ዓመታት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የተባለው በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ለተመቱና ለተደፈሩ ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚያድሩበት፣ የሚታከሙበት፣ ሥራም የሚማሩበት ቤት ከፈተ። ይህ ቤት በአዲስ ስም ቢጠራ በጣና ዳር ካየነው ማኅበር የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም ማሕፀን ለሚለው ቃል ከብዙ ግንብ ይልቅ የቀረበ ነው።

ታዲያ ሕጉ ከወጣ፣ ማረፊያውም ከተከፈተ የቀረ ምን አለ ቢሉ፣ በ2008 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ያደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ይመልስልናል። አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶው 34 የሚሆኑት በባላቸው እጅ በሥጋቸው ወይም በመንፈሳቸው ተጎድተዋል። በአካላቸው ከተጎዱትና ከተደፈሩት መካከል ርዳታ የጠየቁ ግን ከመቶው 23 ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህም ብዙዎቹ የሄዱት አስቀድመው ወደ ጎረቤታቸውና ወደ ገዛ ወገናቸው ነው። በዚሁ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶው 63 የሚሆኑት ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። ያ ክፉ ተረት በተመቺዎቹ ልብ ውስጥ እንኳ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ወደ እኛ ደጅ ይመጣል። ሸሽታ የምትመጣው ሴት አስቀድማ የምታንኳኳው የፍርድ ቤቱን በር አይደለም፤ የጎረቤቷን፣ የእናቷን፣ የነፍስ አባቷን በር ነው። ያ በር የተከፈተ እንደ ሆነ ሕጉም ማረፊያውም ይደርስላታል፤ ያ በር የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ሌላው ሁሉ ለእርሷ እንዳልተሠራ ነው።

በኢያሪኮ መንገድ ወንበዴዎች ስለ ደበደቡት ሰው ወንጌል የምትነግረንን ሁላችን እናውቃለን። ሊቃውንት ሲያመሠጥሩት ደጉ ሳምራዊ ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ፣ የማደሪያው ጠባቂም መምህራን ናቸው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ የጸና ከሆነ የማደሪያው ጠባቂ የተባልነው እኛ ነን። ሳምራዊው ቍስሉን አጠበ፤ አሰረለት፤ በአህያው ጫነው፤ ማደሪያ ሰጠው፤ ገንዘብ ከፈለለት፤ የጎደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ወንበዴውን ምን ብለህ አስቆጣኸው ብሎ የቈሰለውን አልጠየቀውም። ከወንበዴዎቹ ጋራ ታረቅ ብሎም ወደ ጫካው አልመለሰውም።

እንግዲህ በዚህ በዓላችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የነፍስ አባቶች ሆይ፤ የተመታች የንስሐ ልጃችሁ ስትመጣ አስቀድማችሁ ቍስሏን፣ ቀጥሎ የምታድርበትን ጠይቁ፤ ዕርቁ በጊዜው ይመጣል፤ ባይመጣም ነፍሷ ትትረፍ። ወደ ሐኪምና ወደ ሕግ እንድትሄድ መምከር ምስጢርን ማውጣት አይደለም፤ አብሯት የሚሄድ ሰው መስጠትም የእናንተ ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፤ ሕግ ወንጀል ያለውን በምርቃት አትሸፍኑ፤ በምታስታርቁበትም ነገር ለደመኞች የምትጠይቁትን ዋስ ለሴትም ጠይቁ፤ እርሷ ያለ ፍርሃት ለብቻዋ ሳትናገር ዕርቅ ተፈጸመ አትበሉ። የዕድርና የሰንበቴ ማኅበርተኞች ሆይ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ለቀብሯ ከምናዋጣው ጥቂቱን በሕይወት ሳለች ለመሳፈሪያዋ፣ ለመድኃኒቷ፣ ለልጆቿም እንጀራ ብናዋጣው ድንኳኑን ባልተከልን ነበር።

የደብራችን ግንብ በሰው እጅ ተሠርቶ ይህን ያህል ዘመን ቆሟል። እንደ እጨጌ ቤት ሁሉ መማፀኛነቱ ግን በድንጋዩ አይደለም፤ ተጠግቶት ለመጣ ሰው በምናደርገው ነው። የሚመጣው ትውልድ ሌላውን ኢዮቤልዩ ሲያከብር፣ እነዚያ ሰዎች በዘመናቸው የተገፋውን አልመለሱም ብሎ እንዲጽፍልን እግዚአብሔር ይርዳን።